ሶንያ ደሎኔ፦ ቀለምን ከልብስ ወደ ቤት ያሻገረች ሠዓሊ

በ1920ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ከተማ፣ በማልዜርብ ጎዳና፣ በቁጥር 19 ይገኝ የነበረውን የሶንያ ደሎኔን መኖሪያ ቤት ዛሬ ለማየት የሚሻ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችን ነው። በፎቶግራፎቹ ውስጥ በማዕዘንና በመስመር የተነደፈ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ መጋረጃዎች፣ ምንጣፎችና ትራሶች ይታያሉ፤ ቀለሙ ግን የለም። ስሙ በቀለሙ ምክንያት የተነሣ ቤት ያለ ቀለሙ ለትውልድ መተላለፉ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው። ሆኖም ፎቶግራፎቹን ረጋ ብሎ የተመለከተ ባለሙያ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ይኸውም ወንበሩ የለበሰው ጨርቅ፣ በመስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃና በክፍሉ መካከል የቆመችው ሴት የደረበችው ካፖርት የአንድ አሳብና የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን ነው።

ሶንያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1885 በዩክሬን ምድር ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ በዚያን ጊዜ በሩስያ ነገሥታት ግዛት ሥር ነበረ። ወላጆቿ አነስተኛ ኑሮ የነበራቸው አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ ያወጡላት ስም ሳራ ሽተርን ይባል ነበር። ገና አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት በፒተርስበርግ ከተማ የሚኖረው የእናቷ ወንድም፣ ሀብታሙ የሕግ ባለሙያ ሄንሪ ቴርክ ወሰዳትና እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት፤ ሶንያ ቴርክ የሚለውን ስም ያገኘችውም በዚያ ነው። በአጎቷ ቤት ቋንቋዎች ተማረች፤ መጻሕፍትና ሥዕል የሞላበት ኑሮ ኖረች፤ የኤውሮፓን ቤተ መዘክሮችም ጎበኘች። ይሁን እንጂ በስተርጅና ዘመኗ ስለ ቀለም ስትናገር በቅድሚያ ታነሣው የነበረው የፒተርስበርግን ሳሎን ሳይሆን የዩክሬንን ገጠር ሠርግ ነው፤ የሙሽሮቹን ቀይና አረንጓዴ ልብስ፣ በነፋስ የሚውለበለበውንም ጥብጣብ።

በ18 ዓመቷ ወደ ጀርመን አገር ሄዳ በካርልስሩሄ ከተማ ሥዕል አጠናች። ጥቂት ቆይታ ወደ ፓሪስ ተሻገረች። በ1908 ቪልሄልም ኡደ ከሚባለው ጀርመናዊ የሥዕል ነጋዴ ጋር ተጋባች፤ ጋብቻው ከፍቅር ይልቅ ለሁለቱም የሚመች ስምምነት ነበረ፤ እርሷን ወደ ፒተርስበርግ ከመመለስ አዳናት፤ በርሱ የሥዕል አዳራሽም ከጊዜው ሠዓሊዎች ጋር አስተዋወቃት። ከነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ ሮቤር ደሎኔ ነበር። በ1910 ከኡደ ጋር በሰላም ተለያይታ ሮቤርን አገባች። በጥር ወር 1911 ሻርል የሚባለው ልጃቸው ተወለደ፤ እርሱም በኋላ ስለ ጃዝ ሙዚቃ በመጻፍ የታወቀ ሰው ሆነ።

የሶንያ የሥራ ታሪክ ከዚህ ሕፃን አልጋ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለልጇ በዩክሬን ገበሬዎች ቤት እንዳየችው ዓይነት የአልጋ ልብስ ልትሠራለት አሰበችና የጨርቅ ቁርጥራጮችን ሰብስባ ሰፋች። የአልጋ ልብሱ ርዝመት ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ክሬም፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሮዝና ጥቁር ቀይ ቁርጥራጮች በማዕዘንና በግማሽ ክብ ተቆርጠው እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። የሚወክሉት ዛፍ ወይም አበባ የለም፤ አንዱን ቅርጽ ከሌላው የሚለይ የተሣለ መስመርም የለም። መስመሩ ራሱ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት የስፌት ጠርዝ ነው። የቤቱን ደጃፍ የሚረግጡት ወጣት ሠዓሊዎች ይህን ባዩ ጊዜ በሸራ ላይ ሲደክሙበት የነበረው ነገር በጨርቅ ተሠርቶ አገኙት። እርሷ ግን ሥዕል ልሥራ ብላ አልተነሣችም፤ ሕፃን የሚሞቅበት ነገር ነበር የሠራችው። የአልጋ ልብሱ ዛሬ በፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ከታላላቆቹ ሥዕሎች ጋር ተቀምጧል።

የአልጋ ልብሱ የያዘውን ምሥጢር ለመረዳት ወደ አንድ ኬሚስት መመለስ ያስፈልጋል። ሚሼል ኤዤን ሼቭረል በ1824 በፓሪስ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ከሸማኔዎቹ አንድ አቤቱታ ቀረበለት። አቤቱታውም በሰማያዊና በሐምራዊ ልብሶች ጥላ ላይ የሚገባው ጥቁር ክር ደብዛዛና ፈዛዛ ነው፣ ማቅለሚያው ተበላሽቷል የሚል ነበር። ሼቭረል የራሱን ጥቁር ክር ከሌሎች ከተሞች ከተገኙ ጥቁር ክሮች ጋር አስተያየው፤ በማቅለሚያው ላይ ምንም ጉድለት አላገኘም። ጉድለቱ ከክሩ ሳይሆን ከጎረቤቱ ነበር። ዓይን ሰማያዊን አተኩሮ ሲያይ የሰማያዊ ተቃራኒ የሆነውን ብርቱካንማ ጥላ በአጠገቡ ባለው ነገር ላይ ይጥላል፤ ጥቁሩም በዚህ ጥላ ተመትቶ የዛገ መስሎ ይታያል። ሼቭረል ይህን ሥራ ለዓመታት ከመረመረ በኋላ በ1839 ቀለሞች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሲታዩ ስለሚያሳዩት ተቃርኖ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱም ይጋላሉ፤ ያው ቀይ ከብርቱካንማ ጎን ሲቀመጥ ግን ይቀዘቅዛል። ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ የሼቭረል ውለታ በሕግ መልክ ማስቀመጡ ነው።

ለሕንጻ ባለሙያ የዚህ ሕግ ትርጉም ቀላል አይደለም። በቀለም ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ቁጥር በግድግዳው ላይ የሚታየውን ቀለም አይወስንም ማለት ነውና። የሚወስነው ግድግዳው ከወለሉ፣ ከበሩ፣ ከመጋረጃውና ከመብራቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሮቤርና ሶንያ ደሎኔ የሼቭረልን ግኝት ተቀብለው ሥራቸውን ሁሉ ሲሙልታኔ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሆነ፣ ብለው ሰየሙት። ልዩነታቸው ግን ሮቤር አሳቡን በሸራ ላይ ሲመረምረው፣ ሶንያ በምትበላበት፣ በምትተኛበትና በምትለብሰው ነገር ሁሉ ላይ መፈተንዋ ነው።

በግራንዞጉስተን መንገድ በነበረው የመጀመሪያ ቤታቸው ትራሶችን፣ የመብራት ሽፋኖችን፣ መጋረጃዎችንና የመጻሕፍት ልባሶችን በራስዋ እጅ ሠራች። የቀድሞውን ጊዜ የሳሎን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ድፍረት ነበር፤ በዚያን ዘመን የተከበረ ቤት ማለት ቡናማ እንጨት፣ ከባድ መጋረጃና ጥላ የበዛበት ቤት ነበረና። ከቤት ውጭ ደግሞ ከተማዋ ራሷ እየተለወጠች ነበር። በሳን ሚሼል ጎዳና የጋዝ ፋኖስ ለኤሌክትሪክ መብራት ቦታውን ሲለቅ ባልና ሚስቱ በምሽት እየወጡ በብርሃኑ ዙሪያ የሚፈጠረውን የቀለም ክብ ያዩ ነበር፤ ሶንያ በ1914 የሠራችው ስለ ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚናገረው ትልቅ ሥዕልም ከዚህ የተገኘ ነው።

በ1913 ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለራስዋ ቀሚስ ሰፋች። ቀሚሱን ለብሳ የምትሄደው ቡልዬ ወደሚባለው የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ ሮቤርም በበኩሉ ቀይና ሰማያዊ ልብሱን ለብሶ አብሯት ይሄዳል። ባለቅኔው ጊዮም አፖሊኔር ይህን አይቶ ስለ ልብሳቸው በመጽሔት ላይ ጻፈ። ቀልድ የሚመስለው ይህ ነገር ለሶንያ ትልቅ ትምህርት ነበር። ልብስ በሰው ገላ ላይ ይታጠፋል፣ ይሽከረከራል፣ በብርሃንና በጥላ መካከል ይመላለሳል። ስለዚህ በልብስ ላይ የሚውል ቀለም እንደ ሥዕል ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲታይ ሊሰናዳ አይችልም፤ ቢታጠፍም ቢገለጥም ሚዛኑን ሊጠብቅ ይገባዋል። ክፍልም እንዲሁ ነው። ሰው በክፍል ውስጥ ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ በበር በኩል አሻግሮ ያያል፤ የቤት ዕቃ ግማሹን ግድግዳ ይሸፍናል። ቀለምን ለግድግዳ የመምረጥን ጥበብ ከሸራ ይልቅ ቀሚስ አስተማራት ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የጭፈራ አዳራሹን ባሳየችበት ሥዕልዋ ላይ፣ ወደ 4 ሜትር በሚጠጋ ርዝመት፣ ተጫፋሪዎቹ ከመብራቱና ከአዳራሹ ጋር ተዋሕደው የቀለም ዝርጋታ ሆነዋል፤ ልብሱ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል።

ከብሌዝ ሳንድራር ጋር ያወጣችው መጽሐፍም የዚሁ ዓመት ሥራ ነው። በሳይቤሪያ የባቡር ሐዲድ ስለሚደረግ ጉዞ የተገጠመው ረጅም ግጥም ከሶንያ ቀለሞች ጋር በአንድ የሚታጠፍ ወረቀት ላይ ወርዶ፣ ሲዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይሆን ነበር። ሊታተም የታሰበው 150 ቅጂ ሲሆን፣ ሁሉም ቢቀጣጠሉ የኤፌልን ግንብ ቁመት እንዲያክሉ ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ቅጂዎች ከታቀደው አነሱ እንጂ ስሌቱ ትክክል ነበር።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ ባልና ሚስቱ በስፔን ነበሩ። ቀጥሎም ወደ ፖርቱጋል ሄዱ፤ በዚያ የገበያው ልብስ፣ የሸክላ ዕቃውና ፀሐዩ ሶንያን እጅግ ደስ አሰኝቷታል። እስከዚህ ጊዜ ድረስ ኑሯቸው የቆመው አጎቷ በፒተርስበርግ ከተዉት ንብረት በሚመጣው ገቢ ላይ ነበር። በ1917 የሩስያ አብዮት ሲፈነዳ ይህ ገቢ ባንድ ቀን ተቋረጠ። ሮቤር ታላቅ ሠዓሊ እንጂ እንጀራ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በ32 ዓመቷ ቤተሰቡን የመመገብ ኃላፊነት በሶንያ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ያላት መሣሪያ ደግሞ እስከዚያ ለራስዋ ደስታ ብቻ ስትሠራው የነበረው የጨርቅና የቤት ሥራ ነበር።

በ1918 ሰርጌ ዲያጊሌፍ ለባሌት ቡድኑ ለለንደን ትርኢት የክሊዮፓትራን ልብስ እንድትሠራ አዘዛት፤ የመድረኩን ገጽታ ሮቤር ሠራ። በዚያው ዓመት በማድሪድ ካሳ ሶንያ የሚባል ሱቅ ከፈተች። ሱቁ ልብስ ብቻ አይሸጥም፤ የመብራት ሽፋን፣ ትራስ፣ ጃንጥላ፣ የቤት ዕቃም ይሸጣል፤ የመኳንንትን ቤቶችም ያስጌጣል። የአንድ ትንሽ ቴአትር ቤት የውስጥ ገጽታም ተሰጥቷት ሠርታለች። ልብስ ሊገዛ የገባ ሰው ቤቱን ሊያስለውጥ ይወጣ ነበር። ይህ መንገድ ከርሷ በፊት ፈጽሞ ያልተረገጠ አልነበረም፤ ታዋቂው የፓሪስ ልብስ ነዳፊ ፖል ፗሬ በ1911 ማርቲን የሚባል ሠሪ ቤት ከፍቶ ወጣት ልጃገረዶች በሣሏቸው አበቦች ደማቅ ጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ያሠራ ነበር። ነገር ግን የፗሬ ቀለም ጌጥ ነበር፤ ከክፍሉ ላይ ቢነሣ ክፍሉ ክፍል ሆኖ ይቀራል። በሶንያ ሥራ ግን ቀለሙ ከተነሣ የሚቀር ነገር እምብዛም የለም።

በ1921 ወደ ፓሪስ ተመልሰው በማልዜርብ ጎዳና ተቀመጡ። ቤቱ መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ መሸጫም ነበር። ባለቅኔዎች ይመላለሱበታል፤ ፊሊፕ ሱፖ የገጠመላትን ግጥም ሶንያ በመጋረጃ ላይ ጠልፋ ሰቀለችው። በ1923 የሊዮን ከተማ የሐር ፋብሪካ 50 የጨርቅ ንድፎች እንድትሠራለት አዘዛት። ለነገሩ የሷ ንድፎች ከፋብሪካው ልማድ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚስማሙ አልነበሩም፤ አበባና ቅጠል ይጠበቅ በነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን፣ ክብና የተሰበረ መስመር ነው የመጣው። ብዙ ሳትቆይ የራስዋን ማሠሪያ አቋቋመች፤ በ1925ም ሲሙልታኔ የሚለውን ቃል የንግድ ምልክት አድርጋ አስመዘገበች።

የአሠራሩ ሁኔታ መታወቅ ያለበት ነው። ጨርቁ በአብዛኛው በእጅ፣ በእንጨት ማኅተም ይታተም ነበር። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ቀለም በጨመረ ቁጥር ድካሙና ወጪው ይጨምራል፤ ማኅተሞቹ በትክክል ካልተጋጠሙም ጨርቁ ይበላሻል። ስለዚህ የሶንያ ድፍረት የቀለም ብዛት አይደለም። በጥቂት ቀለሞች ትሠራለች፤ ከነርሱም መካከል ጥቁር ወይም ነጭ ብዙ ጊዜ አለበት፤ የሌሎቹን ጉልበት የሚያጎላው ይህ ነውና። አንዱን ንድፍ ደግሞ በልዩ ልዩ የቀለም ቅንብሮች ታወጣዋለች። ቅርጹ ሳይለወጥ ቀለሙ ሲለወጥ ቀድሞ ወደ ፊት የወጣው ክብ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጠባብ መስሎ የታየው መስመር ይሰፋል። የሼቭረል ሕግ በሜትር ተለክቶ ተሸጠ ማለት ነው። ይህንኑ በጠባብ ክፍል ላይ ያዋለ ሰው አንዱን ግድግዳ ሳያፈርስ ሊያርቀው ወይም ሊያቀርበው እንደሚችል ለባልደረቦች መንገር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ደማቅ ቀለም የሚፈራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚስተው የቀለሙን ድምቀት ሳይሆን የጎረቤቱን ምርጫ ነው።

ሮቤርም በዚህ ሥራ ረዳት ሆኖ አንድ መሣሪያ ፈጥሯል። በ1924 በፓሪስ የመኸር ትርኢት ላይ የሚስቱን ጨርቆች በጥቅልል ላይ አዙሮ ከመስኮቱ ጀርባ ያለማቋረጥ እንዲንቀሳቀሱ አደረገ፤ መንገደኛው ቆሞ ቀለሞቹ ይሄዱለታል።

በ1925 ታላቁ የጌጣጌጥ ሥነ ጥበብ ትርኢት በፓሪስ ተከፈተ። በሴን ወንዝ ላይ በተዘረጋው በሦስተኛው እስክንድር ድልድይ ላይ ሱቆች በረድፍ ተሠርተው ነበር፤ ከነዚህ አንዱን ሶንያ ከዣክ ሄም ጋር፣ የጸጉራም ቆዳ ልብስ ከሚሠራው ነጋዴ ጋር፣ ያዘች። ልብሱ፣ ሻርፑ፣ ቦርሳውና የቤት ጨርቁ በአንድነት ቀረበ። የፊልም ተዋናይትዋ ግሎሪያ ስዋንሰን በሱፍ ክር የተጠለፈ ካፖርት ከሷ ዘንድ አሠርታለች፤ አንዲት ሲትሮኤን መኪናም በሶንያ ንድፍ ተቀብታ ከካፖርቶቹ ጋር ተስማምታ ፎቶግራፍ ተነሣች። በዚያው ትርኢት ፗሬ በወንዙ ላይ ሦስት ጀልባዎች አስጊጦ ቀርቦ ነበር፤ ወጪው ግን የንግድ ቤቱን ወደ ውድቀት ገፋው።

በትርኢቱ ዳር ደግሞ ለ ኮርቡዚዬ የራሱን ድንኳን አቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ግድግዳ ሁሉ በነጭ ቀለም እንዲቀባ ሕግ ያወጣ ያህል ተከራክሯል። ከዚህ የተነሣ ዘመናዊ ሕንጻ ማለት ነጭ ሕንጻ ነው የሚል እምነት በብዙ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ ኖረ። እውነቱ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ ለ ኮርቡዚዬ ራሱ በዚያን ጊዜ ለላ ሮሽ በሠራው ቤት ውስጥ ግድግዳዎቹን በልዩ ልዩ ቀለም ቀብቷል፤ በ1931ም ለሳሉብራ የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ 43 ቀለሞች የያዘ ስብስብ አውጥቷል። የነጭነቱን ወሬ ያጸናው ምናልባት ፎቶግራፍ ሳይሆን አይቀርም፤ የለ ኮርቡዚዬም ሆነ የሶንያ ቤት ለዓለም የተሠራጨው በጥቁርና በነጭ ነበርና። ልዩነታቸው ለ ኮርቡዚዬ ቀለምን ለሕንጻው አካል ማስተካከያ ሲያደርገው፣ ሶንያ ከሰው ገላ ጀምራ ወደ ግድግዳው መውጣቷ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መፍረድ ያስቸግራል፤ የሰውን መኖር አስቀድማ ያየችው ግን ሶንያ ናት።

በጥር ወር 1927 በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ሥዕል በልብስ ሥራ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ንግግር አደረገች። የንግግርዋ ፍሬ ነገር ለኢንጂነር ጆሮ የሚጥም ነው። የልብሱ ቅድና የጨርቁ ንድፍ በሁለት ሰዎች ተለያይተው መሠራታቸው ስሕተት መሆኑን ተናገረች፤ ነዳፊው ቅዱንም ጌጡንም ባንድነት አስቦ በጨርቁ ላይ ቢያትመው፣ ገዥው በምልክቱ ቆርጦ ሊሰፋው እንደሚችል፣ በዚህም ልብሱ በብዛትና በርካሽ ሊመረት እንደሚችል አስረዳች። ይህ ለቤት ሲተረጎም ቀለም ሕንጻው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር መሆኑ ቀርቶ ከነድፉ ጋር አብሮ ይወለዳል ማለት ነው። እርግጥ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ ደንበኞችዋ ሀብታሞች ነበሩ፤ የርካሽ ምርት አሳብዋም በሰፊው አልተፈጸመም። አሳቡ ግን ከማሠሪያዋ ይልቅ ዕድሜ ነበረው።

በ1929 የኒውዮርክ ገበያ ወድቆ የኢኮኖሚ ቀውስ ወደ ኤውሮፓ ሲዛመት የቅንጦት ልብስ የሚገዛ ጠፋ። ሶንያ ማሠሪያዋን ዘጋች። በዚህ አላዘነችም ይባላል፤ ሠራተኛ ማስተዳደርና ዕዳ መቁጠር ከሥዕል አርቋት ነበርና። የጨርቅ ንድፍ ግን አልተወችም፤ በአምስተርዳም የሚገኘው ሜትዝ የተባለው ትልቅ መደብር ለብዙ ዓመታት ንድፎቿን እየገዛ የልብስና የቤት ጨርቅ አድርጎ ሸጠ። እነዚህ ጨርቆች ከፓሪስ መኳንንት ቤት ይልቅ በሆላንድ መካከለኛ ቤተሰቦች ሳሎን ገቡ።

በ1937 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ለአየር ጉዞና ለምድር ባቡር የተሠሩትን ሁለት አዳራሾች ግድግዳ ለማስጌጥ ሮቤር ተመረጠ፤ አርክቴክቱ ፌሊክስ ኦብሌም አብሮት ሠራ። ወደ 50 የሚጠጉ ሥራ ያጡ ሠዓሊዎች ተቀጠሩ። ለአየር አዳራሹ ሶንያ ሦስት ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች ሠራች፤ አንዱ የአውሮፕላን ፕሮፔለር፣ አንዱ ሞተር፣ አንዱ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ገበታ ነው። የፕሮፔለሩ ሥዕል ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። በአንድ በኩል የቴክኒክ ንድፍ ይመስላሉ፤ ጥርሱ፣ ዘንጉ፣ መደወያው በትክክል ይነበባል። በሌላ በኩል በሕፃኑ የአልጋ ልብስ ላይ የነበረው አሠራር እንዳለ አለ፤ ብረቱን ከአየሩ የሚለየው የቀለም ጠርዝ ነው። ከ26 ዓመት በኋላ አንድ ሜትር ጨርቅ ላይ የተፈተነው ነገር የሕዝብ አዳራሽ ግድግዳ ለመሸከም በቃ። የባቡር አዳራሹ ሥራዎችዋ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝተውላታል። ሦስቱ ሥዕሎች ዛሬ በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በሚገኘው ቤተ መዘክር ይታያሉ።

ጦርነት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሮቤር ታሞ ነበር። ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሸሽተው ሳለ በጥቅምት ወር 1941 በሞንፔልዬ በካንሰር ሞተ። ሶንያ አይሁዳዊት እንደ መሆንዋ አደጋ ላይ ነበረች፤ የጦርነቱን ዓመታት በግራስና በቱሉዝ ከወዳጆቿ ጋር አሳለፈች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የደከመችው ለራስዋ ስም ሳይሆን ለባልዋ ስም ነው፤ ሥዕሎቹ እንዲታዩ፣ እንዲጻፍላቸው፣ ቤተ መዘክሮች እንዲገዟቸው ተሯሯጠች። ይህ ታማኝነት ሊደነቅ ይገባል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጸሐፍት ሮቤርን የቀለም ሠዓሊ፣ እርሷን የጨርቅ ባለሙያ ብለው መዝግበው አለፉ። ቤተሰቡን ያኖረው ሥራ ራሱ ከሠዓሊዎች ረድፍ ዝቅ የሚያደርጋት ምክንያት ሆነ። ሥዕል በሸራ ላይ ሲሆን ጥበብ፣ በመጋረጃ ላይ ሲሆን ጌጥ የሚባልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከነዚህ ጸሐፍት ያስረዳ አልተገኘም።

ፍርዱ መለወጥ የጀመረው ሰማንያ ዓመት ሊሆናት ሲል ነው። ሶንያና ሻርል የራስዋንና የሮቤርን 114 ሥራዎች ለፈረንሳይ መንግሥት በስጦታ ሰጡ፤ በ1964 ሥራዎቹ በሉቭር ቤተ መዘክር ታዩ። በሕይወት እያለች ሥራዋ በሉቭር የቀረበላት የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ እንደሆነች ይነገራል። በ1967 ለማትራ መኪና አዲስ ንድፍ አወጣች፤ ከሲትሮኤኑ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ምንጣፍና የጠረጴዛ ዕቃም መንደፏን ቀጠለች፤ በ1975 የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመች። በታኅሣሥ ወር 1979 በፓሪስ ስትሞት ዕድሜዋ 94 ዓመት ነበር።

በ2014 በፓሪስ፣ በተከታዩም ዓመት በለንደን በተዘጋጀው ታላቅ ትርኢት ሥዕሎቿና ጨርቆቿ በአንድነት ቀረቡ። ቀሚሱ፣ በሜትር የተሸጠው ጨርቅና ከሉንድ የመጡት የአየር አዳራሹ ሥዕሎች እንደ አንድ ሰው ሥራ ተቆጥረው በተከታታይ ክፍሎች ታዩ።